በዲጋ ቁልቁለት ላይ የተማርነው

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ጊምቢ የሚጓዝ መንገደኛ ከተማውን ለቅቆ ጥቂት እንደ ሄደ የዲጋን ምድር ይይዛል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ነፋሻ ከተማ ስትሆን፣ ከዲጋ ወዲያ ግን አገሩ ወደ ምዕራብ እያዘቀዘቀ እስከ ዴዴሳ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። ቡናው፣ የበቆሎው ማሳና የማንጎው ዛፍ በየተራ ይታያሉ፤ አየሩም በየመታጠፊያው እየሞቀ ይሄዳል። ዴዴሳ ከዓባይ ታላላቅ ገባሮች አንዱ ነው። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላም እንደ ገና አቀበቱን መያዝ ግድ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው ቁልቁለትንና ዳገትን በአንድ ቀን ይማራል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እኛም በጥቅምት ወር፣ ጊምቢ ለሚኖር አንድ ዘመዳችን ልጅ ክርስትና ለመድረስ በዚሁ መንገድ ተጓዝን። መኪናውን የሚነዳው የወንድማችን ልጅ ነበር፤ እናታችን ከኋላ ተቀምጠዋል። መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው፣ ከዚህም በላይ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባል የፍጥነት መጠበቂያ የተገጠመለት ነው። ወጣቱም ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ባሉት ቀጥ ያሉ ስፍራዎች ይህን መሣሪያ እየሠራበት መጥቶ ስለ ነበር፣ «እግሬን ሳልደክም ደረስሁ» እያለ በጣም ያመሰግነው ነበር።

ይህን መሣሪያ ያሰበው ሰው ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። ራልፍ ቲቶር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በአምስት ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ሁለት ዐይኖቹን አጥቶ ያደገ ሰው ነበር። መኪና መንዳት ባይችልም፣ ተሳፍሮ ሲሄድ ነጂው ጨዋታ በያዘ ጊዜ ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን በሰውነቱ ይሰማው ነበርና፣ ፍጥነትን ሳያዛንፍ የሚይዝ መሣሪያ ሠርቶ በ1950 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አገኘበት። የክራይስለር ኩባንያም በ1958 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ ለገበያ አቀረበው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የመሣሪያው አባት ነጂ ሳይሆን ተሳፋሪ ነበር።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። የዲጋ ቁልቁለት ሲጀምር ወጣቱ መሣሪያውን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ አስሮት ነበር። በመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ 60ን አልፎ ወደ 75 ደረሰ። እርሱም ፍሬን ያዘ፤ ፍሬን ሲያዝ መሣሪያው ስለሚጠፋ፣ መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ እንደ ገና ቁልፉን ተጭኖ አስነሣው። መሣሪያውም የታዘዘውን 60 ለመመለስ በቁልቁለት ላይ ነዳጅ ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ ቁልፍ፤ ደግሞ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ ቁልፍ እየተፈራረቁ ወረድን። አስቀድመው ነገሩን ያወቁት እናታችን ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ መኪና እየገፋን ነው እንጂ አልያዘንም፤ ደግሞም የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ። ወጣቱ ገና መልስ ሳይሰጥ አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን እየነዳ በመታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ወትሮው ጠንከር አላለም፤ ወደ ታች ሰመጠ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ረግጦ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ከመጨረሻይቱ ላም ጥቂት ክንድ ሲቀረን ቆምን። ልጁ በዱላው ላሟን መታ አድርጎ አሳለፈ፤ እኛ ግን ለብዙ ደቂቃ ቃል መናገር አልቻልንም።

በዚያው ዳር ጎማውን ለማየት የቆመ የአንድ ከባድ ጭነት መኪና ሾፌር፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ ሽታውን ሰምቶ ወደ እኛ መጣ። መንኰራኵሮቹን በእጁ ሳይነካ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ፣ «ውኃ እንዳታፈሱበት፤ በራሱ ይብረድ» አለና ወደ ወጣቱ ዞረ።

«ልጄ፣ ይህን ዳገት ስትወጣ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው?»

«እኔ አላውቅም፣ ኦቦ። ማርሹን መኪናው ራሱ ይመርጣል።»

«እንግዲያው መውጣቱን ለእርሱ ተውለት፤ መውረዱን ግን አንተ ምረጥ። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።»

ይህ አጭር ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ አገኘነው። በእኛ መኪና ላይ እንዳለው ያለው መሣሪያ የሚያዝዘው ነዳጁን ብቻ ነው። ፍጥነት ሲጎድል ነዳጅ ይጨምራል፤ ሲበዛ ይቀንሳል። ነዳጁን ፈጽሞ ከዘጋ በኋላ ግን ሌላ የሚያደርገው የለውም፤ መኪናውን የሚስበው ክብደቱ ነውና። አውቶማቲክ ካምቢዮም በ«ዲ» ላይ ሲሆን ነጂው ነዳጅ እንዳልረገጠ ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይሄዳል፤ በዚያ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አምስት ሊትር የሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ትኩሳት በፍሬን ሸራና በፍሬን ዘይት ላይ ሲከማች ሸራው መያዝ ይሳነዋል፤ ዘይቱም ሊፈላና ፔዳሉ ሊሰምጥ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር መሣሪያውን ማጥፋት፣ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ማርሹን ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል»፣ ወይም በእጅ ወደሚመረጠው ዝቅተኛ ማርሽ ማውረድ ነው። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ አያስፈራም፤ መኪናውን እየያዘ ነውና። ፍሬኑንም ሳያቋርጡ ከመጫን ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ወደ «ኤን» አውጥቶ መውረድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ተይዘው ሲወርዱ ነዳጁን ይዘጋሉ፤ በ«ኤን» ሲሆኑ ግን እንዳይጠፉ ነዳጅ ያነድዳሉ። አንዳንዶቹ አዳዲስ መኪናዎች በቁልቁለት ማርሹን ራሳቸው ያወርዳሉ፣ ወይም ፍሬን ይይዛሉ። ቢሆንም በመሣሪያ የተያዘ ፍሬን በእግር እንደ ተረገጠው ያው ይሞቃል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ፍሬኑን በዝግታ ፈትነን፣ በሁለተኛ ማርሽ እስከ ዴዴሳ ድልድይ በሰላም ወረድን። ወጣቱ ፍሬኑን የነካው በመታጠፊያዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ከድልድዩ ወዲያ በአቀበቱ ላይ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ቢሞክረው፣ ፍጥነት ከጎደለ በኋላ ነዳጁን በድንገት ሰጠ፤ ካምቢዮውም ማርሽ ጥሎ ጮኸ፤ ጥቂት ሜዳ ሲያገኝ መልሶ ከፍ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ጣለ። መሣሪያው የሚያውቀው ያለፈውን ፍጥነት እንጂ ፊት ለፊት የሚመጣውን ዳገት አይደለም። ወጣቱም አጥፍቶት በእግሩ ነዳ፤ ዳገቱ ሳይደርስ ነዳጁን በመጠኑ እየጨመረ፣ ሳንጨነቅ ጊምቢ አገባን። ከክርስትናው በኋላ ስንመለስም በዲጋ ዳገት ላይ መሣሪያውን አላስነሣውም።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ መሣሪያውን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ በሜዳ፣ በደረቅ መንገድ፣ ሰውና ከብት በማይበዛበት ስፍራ መልካም አገልጋይ ነው። ነገር ግን አገራችን የዳገትና የቁልቁለት አገር ናት። ልጆቻችሁን መኪና አስይዛችሁ ስትሸኙ፣ ያን ሾፌር የነገረንን ቃል ንገሯቸው። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ይገፋናል» ሲሉም ነጂው ቆም ብሎ ይስማቸው።