የስፒከሩን ሆድ በምን እንሙላው?

እስቲ ዛሬ ስለ ስፒከር ሆድ እንጫወት። የስፒከር ሳጥን በገዛ እጁ ቆርጦና በኮላ አጣብቆ የሠራ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ድምፁን የሚያወጣው ወፈር ተገዝቷል፣ የኤምዲኤፍ ጣውላው ተገጣጥሟል፣ የቀረው ጀርባውን መግጠም ነው። ውስጡስ? አንዱ ስፖንጅ ይላል፣ ሌላው ጥጥ፣ ሌላው የእንቁላል ካርቶን። እኔ ደግሞ «ምን ልጠቀም?» ከማለታችሁ በፊት «የት ላስቀምጠው?» በሉ ባይ ነኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ወፈሩ አየሩን ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። የኋለኛው ድምፅ ሳጥኑ ውስጥ ታፍኖ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ቆይቶም በስሱ የወፈር ወረቀት በኩል አልፎ ይወጣል። ዜና የሚያነበው ሰው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚናገር ከመሰላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የውስጥ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን እንውሰድ። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በዚያ ቁመት መጀመሪያ የሚያስተጋባው 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ነው። ሰው ሲናገር ደግሞ ጆሯችን በደንብ የሚያውቀው ክልል ነው።

ስፖንጅም ሆነ ሱፍ ድምፅን የሚያደክመው፣ አየሩ በውስጡ ሲመላለስ በሰበቃ ጉልበቱን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ስለዚህ አየሩ መንቀሳቀስ አለበት። ግድግዳው ጥግ ያለው አየር ግን መፈናፈኛ የለውም፤ እዚያ ከፍ ዝቅ የሚለው ግፊቱ ነው። ለ500 ኸርዙ ድምፅ አየሩ በብዛት የሚመላለሰው ከግድግዳው 17 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ማለትም ልክ ሳጥኑ መሃል ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ቀጫጭኑን ድምፅ ይይዛል፤ በርሜሉን ግን አይነካውም። መሃል ላይ ሳሳ ተደርጎ የተዘረጋ ሱፍ ይበልጠዋል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ገበያ ላይ ቁራጩን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት። ትንፋሻችሁ ትንሽ እየታገለ ካለፈ ይሆናል። የፍራሽ ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ ያሳልፋል። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎም ግን ቀዳዳው የተዘጋ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የእንቁላል ካርቶንም ስስ ነውና አይረባም። የመስታወት ቃጫ በሚገባ ይሠራል፤ ብናኙ ቆዳና ጉሮሮ ስለሚቆጠቁጥ ግን በስስ ጨርቅ ይሸፈን።

እኔ የምወደው የበግ ፀጉር ነው። እንግሊዛዊው አርተር ቤይሊ በ1965 «ዋየርለስ ወርልድ» መጽሔት ላይ ባሳወቀው ስፒከር ውስጥ የሞላው ረጅም የበግ ፀጉር ነበር። እኛም ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ፀጉር አለን። ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ይፈልቀቅ፤ ወደ ታች እንዳይዘቅጥም በመረብ ይያዝ። ብል የሚያሰጋችሁ ከሆነ ትራስ የሚሞላበት ፖሊስተር ሥራውን ይሠራል።

ሳጥኑ ዝግ ከሆነ ሙሉውን መሙላት ይቻላል። በ1954 የወጣው የኤድጋር ቪልቹር «ኤአር-1» ስፒከር በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ የታሸገው አየር ለወፈሩ እንደ ሞላ ያገለግላል፣ ሳጥኑም በመስታወት ቃጫ ተሞልቷል። ቃጫው አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት ስለሚቀበል ወፈሩ ሳጥኑ የሰፋ ያህል ይሰማዋል። ፖሊስተር ከሆነ በሊትር ከ8 እስከ 16 ግራም መልካም መነሻ ነው፤ ለ30 ሊትር ሳጥን ከ240 እስከ 480 ግራም መሆኑ ነው። ከልክ በላይ ከታጨቀ ግን ባሱ ይሞታል።

የባስ ቱቦ ያለው ሳጥን ሌላ ነው። ጀርባውን፣ ጎኖቹንና ጣሪያውን አልብሱ፤ ከወፈሩ ኋላም ትንሽ አንጠልጥሉ። ከወፈሩ እስከ ቱቦው ያለው መንገድ ግን ክፍት ይሁን፤ አለዚያ ቱቦው ሥራውን ያጣል። ሳጥኑን በጣታችሁ ስታንኳኩት ከጮኸ ደግሞ ችግሩ እንጨቱ ነው። ያንን ሱፍ አይፈታውም፤ ውስጡን ከግድግዳ ግድግዳ የሚደግፍ እንጨት ይፈልጋል።

እንግዲህ ጀርባውን በኮላ ለማሸግ አትቸኩሉ፤ በብሎን እሰሩት፣ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በላስቲክ ድፈኑት። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን ባዶ ተዉት፤ የምታውቁትን ሰው ንግግር በየተራ አጫውቱባቸው። ከዚያ እፍኝ እየጨመራችሁ፣ እፍኝ እየቀነሳችሁ ስሙ። ከስፒከር ሥራ ሁሉ በትንሽ ብር ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ነገር አላውቅምና፣ ለዚህ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡት አይበዛበትም።