ጥፋቱን በጣቱ የሚያሳይ ዳኛ

የልብስ ቁልፍ ውድድር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሸሚዝና ካፖርት ላይ የምንሰፋውን ቁልፍ ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ብሔራዊ የቁልፍ ሰብሳቢዎች ማኅበር አለ። አባላቱ ስብስባቸውን ይዘው ይወዳደራሉ፤ የሚዳኙበት ደንብም «ሰማያዊው መጽሐፍ» በሚባል መመሪያ ተጽፎ ተቀምጧል። መጀመሪያ ስሰማ ሥራ የፈቱ ሰዎች ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ነበር። ደንቡን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ስለ ዳኝነት ብዙ አስተማረኝ።

ተወዳዳሪው ቁልፎቹን 23 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ካርቶን ላይ ደርድሮ ያቀርባል። በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንደኛው መለያ ዘመን ነው፤ ከ1918 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ለብቻ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ለብቻ ይዳኛሉ። ሌላው የተሠሩበት ነገር ነው፤ ብርጭቆ፣ ሸክላ፣ ቀንድ፣ አጥንት፣ ዛጎል፣ ብረት፣ ጨርቅ፣ ሴሉሎይድ እየተባለ ይለያል። በላያቸው ላይ ባለው ሥዕልም ይመደባሉ። መጠኑም አራት ደረጃ አለው፤ የመጨረሻው ትንሽ ከ1 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፣ ትልቅ የሚባለው ደግሞ ከ3.2 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ልኩ በዓይን ግምት አይወሰንም፤ መለኪያ አለው።

ከቁሶቹ ሁሉ እኔን የገረመኝ፣ ዝሆን ጥርስ የሚመስለው የዘንባባ ፍሬ ነው። ፍሬው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ተፈልፍሎ ቁልፍ ይሆናል። በጣሊያን ዘመን ከኤርትራ ቆላ የዱም ዘንባባ ፍሬ ለዚሁ ሥራ ወደ ጣሊያን ይጫን ነበር። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ከአጥንት የሚለየው በማጉያ መነጽር የሚያይ ሰው ነው፤ አጥንት ላይ ደም ይተላለፍባቸው የነበሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ ፍሬው ላይ የሉም።

እንግዲህ ዳኛው የሚነሣው «የትኛው ያምራል?» ከሚለው አይደለም። «የተጠየቀው ነገር ቀርቧል ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ለምሳሌ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ጥቁር ለብሳ ስለኖረች፣ ጥቁር ጌጥ ፋሽን ሆነ። እውነተኛው ጥቁር ጌጥ ጄት የሚባል፣ ከጥንት እንጨት የተገኘ ቀላል ድንጋይ ነው። በየቤቱ «ጄት ነው» ተብሎ የሚወረሰው ቁልፍ ግን አብዛኛው ጥቁር ብርጭቆ ነው፤ ሲይዙት ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። ባለቤቱ ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ነው ቢልም፣ በጄት ምድብ ውስጥ ብርጭቆ ካቀረበ ብርጭቆ ነው።

ልቤን የነካው የሚቀጥለው ነው። ዳኛው ስህተት ያለበትን ቁልፍ ሲያገኝ ነጥብ ቀንሶ ዝም አይልም። አጠገቡ ትንሽ ክብ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ሰብሳቢዎቹ «ኩፍኝ» ይሏታል። ባለቤቱ ካርቶኑን ሲያይ የትኛው ቁልፍ እንደጣለው ያውቃል። ተስማምቶ ይማራል፣ ካልተስማማም የሚከራከርበት የተጻፈ ደንብ አለው።

ደንብ ሁሉን አይፈታም። ሁለት ካርቶኖች ያለ አንዲት ኩፍኝ ከቀረቡ፣ የቁልፎቹ ዓይነት ብዛትና የይዞታቸው ጥራት ይመዘናል፤ እዚያ ላይ የሰው ዓይን መግባቱ አይቀርም። ልዩነቱ ግምት የሚገባው ደንቡ ካለቀበት በኋላ መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ ስንቱ የግጥም ውድድር፣ ስንቱ የሥራ ቅጥር ነው «አላለፉም» በሚል አንድ ቃል የሚዘጋው? የተሸነፈ ሰው ምክንያቱን ካልሰማ ራሱ ምክንያት ይፈልጋል። የሚያገኘውም ዘመድ፣ ጉቦ ወይም ጥላቻ ነው። ዳኛው ንጹሕ ቢሆንም ሐሜቱን የሚያሳድገው ዝምታው ነው።

ስለዚህ ነገ ዳኛ፣ ፈታኝ ወይም መልማይ ሆናችሁ የምትቀመጡ ሁሉ፦ መስፈርቱን ከውድድሩ በፊት ጽፋችሁ አሳውቁ፤ የጣላችሁትንም ሰው የት ላይ እንደወደቀ አሳዩት። ለሸሚዝ ቁልፍ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ለሰው ልጅ ልፋት ይህ አይበዛም።