ከሽያጭ ወይስ ከትርፍ?



እናታችን ደሴ ሆነው "ልጆቹ አዲስ አበባ ቡና ቤት ከፈቱ" የሚል ወሬ በሰሙ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ስልካችንን አላነሱም። በሦስተኛው ቀን አንስተው ያሉን "እኔ ቁርኣን ያስቀራኋችሁ ለዚህ ነው?" የሚል ብቻ ነበር። ቡና ቤት ሲባል አረቄና ቢራ እንጂ ቡና ትዝ የሚለው ሰው እንደሌለ ዘንግተን ወሬውን እንዲያ አድርገን ያስወራነው እኛው ነን። ካፌ መሆኑን፣ ከቡና፣ ከሻይ፣ ከማኪያቶና ከኬክ በቀር የሚሸጥ እንደሌለ ምለን ካስረዳናቸው በኋላ "እንዲያ ከሆነስ አላህ ያግራላችሁ" ብለው መረቁን። ፈርተውበት የነበረው ነገር አልደረሰብንም፤ የደረሰብን ሌላ ነው። ወደ እኛ እየመጡ "እኛም ልንከፍት ነው፤ እንዴት ነው?" የሚሉን ቤተሰቦች ስለበዙ ነው ይህን መጻፋችን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። አባወራው ጠዋት በመንግስት ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ መድረሳ ያስተምራል። ባለቤቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወዲህ የሚሰራ ነገር ስትፈልግ ቆይታለች። ሦስተኛዋ ሸሪካችን ጅዳ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት የሰራች ታላቅ እህታችን ናት። ያጠራቀመችው ገንዘብ ወደ ብር ሲመነዘር 2,400,000 ሆነ። እኛ የወርቅ ጌጥ ሸጠን፣ የደረሰንን ዕቁብ ጨምረን 800,000 አዋጣን። ሦስቱ እጅ የእሷ፣ አንዱ እጅ የእኛ መሆኑ ነው።

በዚህ ገንዘብ የራሳችንን ካፌ ከመክፈት ይልቅ ታዋቂ ስም ያለው ካፌ ቅርንጫፍ መውሰድን መረጥን። ይህ አሰራር ፍራንቻይዝ ይባላል። ባለስሙ ኩባንያ ስሙን፣ የቡናውን ቅመራ፣ የዕቃውንና የወንበሩን ዓይነት፣ የሰራተኛውን ልብስ ሳይቀር ይሰጣል፤ ወሳጁ ደግሞ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያወጣል። በውጭው ዓለም የቆየ ነገር ነው፤ የአሜሪካው ደንኪን ዶናትስ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለሌላ ሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። እህታችን ጅዳ የምታያቸው የስታርባክስ ካፌዎችም የሚተዳደሩት በሲያትሉ ባለስም ሳይሆን አልሻያ በሚባል የኩዌት ኩባንያ ነው። "ትልልቆቹ ነጋዴዎች እንኳ የሰው ስም ይዘው ነው የሚሰሩት" ያለችን እሷ ናት። እኛም ንግድ የማናውቅ መምህርና የቤት እመቤት ስለሆንን የሚያስተምረን ድርጅት ማግኘታችን አስደስቶን ነበር።

የእኛ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ወለድ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ስራ ከጀመሩ ወዲህ ያለ ወለድ የሚያበድር መፈለግ የሚቻል ቢሆንም የምናሲዘው ቤት አልነበረንም። ስለዚህ ከማንም ሳንበደር በራሳችን ገንዘብ ለመጀመር ወሰንን። ከእህታችን ጋር የምንገባበትን ውልም አጥብቀን መረመርን። አባወራው በደረሳነቱ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ሲቀራ ቂራድ የሚለውን ምዕራፍ አልፎበታል። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት አውጥቶ ትርፍ የሚካፈሉበት ውል ነው። እንዲያ ለመዋዋል አስበን ሸኻችን ዘንድ ስንሄድ ሳቁብን። "ምዕራፉን እስከ መጨረሻ አልቀራኸውምሳ! ስንዴ ገዝቶ፣ ፈጭቶ፣ ዳቦ ጋግሮ እንዲሸጥ በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ቂራድ አይጸናም ይል የለ? ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አፍልቶ መሸጥስ ከዚህ በምን ይለያል?" አሉ። ሁሉም ገንዘብ ስላዋጣ ሸሪካ አድርጉት፤ ትርፉም ኪሳራውም በመዋጮ ልክ ይሁን፤ የምትሰራውም ሴት ደመወዟ ተቆርጦ ይታወቅ ብለው መከሩን። እንዳሉን አደረግን። በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈራረምን፤ እህታችን ከጅዳ በስልክ "ወፍቀናል" አለች።

ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች የኩባንያውን ውል ግን በአንድ ምሽት አንብበን ፈረምን። ሃያ ስምንት ገጽ ነበር። "ወለድ" የሚል ቃል ፈልገን ስላጣንበት አልሐምዱሊላህ ብለን ዘጋነው። በገጽ አስራ አንድ ላይ ባለቅርንጫፉ በየወሩ ከጠቅላላ ሽያጩ ስድስት በመቶ ለስሙ፣ ሁለት በመቶ ለማስታወቂያ ይከፍላል የሚል አንቀጽ አለ። አንብበነዋል። አባወራው የሒሳብ መምህር ነው። ስምንት በመቶ ትንሽ መስሎ ታየን።

ገንዘቡ እንዲህ ሄደ። ለመግቢያ 400,000፤ ለቡና ማሽንና ለመፍጫ 900,000፤ ኩባንያው ካዘዘው ወርክሾፕ ለተገዙ ወንበሮች፣ ለባንኮኒና ለቤቱ እድሳት 1,100,000፤ ለአከራዩ ማስያዣ፣ ለፈቃድና ለልዩ ልዩ 480,000 ብር። ለመንቀሳቀሻ 320,000 ቀረን። ቤቴል አካባቢ በአንድ ሕንጻ ምድር ቤት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከፈትን።

ከመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና የተባለውን እንንገራችሁ። ቫቱን ሳይጨምር 300,000 ብር ሸጥን። ኪራይ 80,000፤ ቡና፣ ወተት፣ ስኳርና ኬክ 135,000፤ ደመወዝ 62,000፤ መብራት፣ ውሃና ልዩ ልዩ 14,000 ወጣ። 9,000 ብር ተረፈን ማለት ነው። ከዚያ ስምንት በመቶው መጣ፤ 24,000። ትርፋችን 15,000 ብር ኪሳራ ሆነ! ስምንት በመቶ ከትርፍ ቢሆን ኖሮ የምንከፍለው 720 ብር ነበር። ሸሪክ ትርፍ ከሌለ ምንም አያገኝም፤ ኪሳራም ይጋራል። ባለስሙ ግን ድርሻውን የሚያነሳው ከካሳው ነው፤ እኛ ብንከስርም ባንከስርም። ሐላል ሐራሙን ለዑለማዎች እንተወውና፣ ይህ የስም ኪራይ እንጂ ሽርክና አለመሆኑን ሳንረዳ መግባታችን የራሳችን ጥፋት ነው። ማንንም አንወቅስበትም፤ ተጽፎ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቡናው የሚገዛው ከኩባንያው ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። የማኪያቶውንም መሸጫ የሚቆርጠው እሱ ነው። ከበራችን አምስት እርምጃ ላይ አንዲት እናት ረከቦት ዘርግተው የጀበና ቡና በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። እኛም በአንድ ጥግ ጀበና እናድርግ ብለን ብንጠይቅ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም ተባለ። አንዳንድ ቀን ባለቤትየዋ ስራ ሲቀዘቅዝባት ወጣ ብላ ከእሳቸው ዘንድ ትጠጣለች። የወሎ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል አይነሳም፤ በእኛ ካፌ በረካ የለም፤ አንድ ስኒ ጠጥቶ፣ ከፍሎ መሄድ ነው።

ከዚያ ረመዷን ገባ። ያን ዓመት የሙስሊሙ ረመዷንና የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀመሩ። ሰፈሩ በአንድነት ሲጾም ማየት ለልብ ደስ ይላል። ለካፌ ግን አስቡት! ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ የለም። ክርስቲያኑ ረፋዱ ላይ የለም፤ ከሰዓት ሲመጣም ወተት አይቀምስም። ኩባንያው የጾም ኬክ በዝርዝሩ አስገብቶ ነበር፤ ጥሩ አስቧል። ረመዷንን ግን አላሰበበትም። በውላችን መሠረት ካፌው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 3 ሰዓት መከፈት አለበት። ሰዉ ተራዊሕ ሰግዶ ቡና ሲያምረው እኛ ወንበር እየገለበጥን እንዘጋለን። ከዐስር በኋላ ከፍተን እኩለ ሌሊት እንዝጋ ብለን በደብዳቤ ጠየቅን። የሁሉም ቅርንጫፍ ሰዓት አንድ ነው የሚል መልስ ደረሰን። ወተቱ በፍሪጅ እየተበላሸ ተደፋ። በዚያ ወር ሽያጫችን 170,000 ብር ነበር። ወጪውን ሁሉ አስልተን ስምንት በመቶውን ስንጨምርበት ኪሳራው 74,100 ብር መጣ፤ ከዚህ ውስጥ 55,575ቱ የእህታችን ገንዘብ ነው።

እህታችን ግን አታውቅም። ከጥቅምት ጀምሮ በደወለች ቁጥር "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" ነበር መልሳችን። አልሐምዱሊላህ ማለታችን ውሸት አልነበረም። "ደህና ነው" ማለታችን ግን ውሸት ነበር። ሰው ቤት እያጸዳች ያለችን ሰው ለምን እናስጨንቃት፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል እያልን ራሳችንን አታለልን።

የያዘን ዘካው ነው። እህታችን በየዓመቱ በረመዷን አጋማሽ ዘካዋን ታሰላለች። ባለፈው ዓመት ገንዘቡ በእጇ ስለነበር 60,000 ብር አውጥታለች። አሁን ደውላ "የእኔ ዘካ ስንት ደረሰ? አስሉልኝ" አለች። ዘካ ማሽንና ወንበር ላይ የለም፤ ለሽያጭ የተዘጋጀው ዕቃና ጥሬ ገንዘቡ ነው የሚቆጠረው። ያን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ካፌውን ዘግተን ቡናውንም ስኳሩንም መዘንን፣ ካሳውንም የባንክ ደብተሩንም ቆጠርን። 96,000 ብር ሆነ። ዘካው 2,400፤ የእሷ ድርሻ 1,800 ብር። አባወራው ለተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ሺህ ጊዜ የሰራው ስሌት ነው፤ ያን ሌሊት ግን ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

መደበቅ አይቻልም። ብንዋሽ ዘካዋን እናበላሻለን፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም እሷ ብቻ አይደለችም። ነገርናት። "አንድ ሺህ ስምንት መቶ?" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከሱሑር በፊት በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከች። "ወንድምዓለም፣ ኪሳራውም ሦስት እጅ የእኔ ነው ብለን ተፈራርመናል፤ ሸኹም አሉ፤ እሱን አልከራከርም። መደበቁን ግን አልተፈራረምንም። እኔ እዚህ የሰው ወለል ስጠርግ አንድ ሪያል የት እንደገባች አውቃለሁ። ከእንግዲህ በየወሩ ሒሳቡን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። እኔ ያላየሁት ወጪ የለም።" ባለቤትየዋ "እታለም፣ ዐፍው በይን" ብላ መለሰችላት። ዐፍው አለችን፤ ፎቶው ግን አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። አንድ ሰራተኛ ሲለቅ ባለቤትየዋ በቦታው ገባች። ወተት በየቀኑ በሚበቃ መጠን ብቻ እንዲመጣ ተስማማን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው የወረቀት ስኒና የማሽኑ መለዋወጫ ናረብን፤ ለአንድ ክረምት እንደገና ከሰርን። የጠቀመን ሌላ ነገር ነው። ሙስሊም በሚበዛባቸው ሰፈሮች ቅርንጫፍ የያዙ ሁለት ቤተሰቦች ፈልገን አገኘንና ለሦስት ሆነን የየረመዷን ሒሳባችንን ለኩባንያው አቀረብን። እኛ ስንከስር የእነሱም ስምንት በመቶ እንደሚያንስ ከቁጥሩ አሳየናቸው። ለየብቻ ስንለምን እምቢ ያሉን ሰዎች በወረቀት ሲያዩት ሰዓቱን ፈቀዱልን። በ2017 ዓ.ም. ረመዷን ከቀኑ 9 ሰዓት ከፍተን ሌሊት 6 ሰዓት ዘጋን። ተራዊሕ የወጣው ሁሉ ልጆቹን ይዞ መጣ። በመግሪብ ሰዓት ለገባ ጾመኛ ሦስት ተምር እንሰጣለን፤ የማይሸጥ ስለሆነ በዝርዝር ውስጥ የለም የሚለን አልመጣም። በዚያ ወር ሁሉም ተከፍሎ 11,000 ብር ተረፈ፤ 8,250ው የእህታችን።

በመቶኛው ላይ ግን ንክች አላደረጉም። ውሉ የአምስት ዓመት ነው፤ ከለቀቅን ደግሞ ለሁለት ዓመት በዚያ ሰፈር ካፌ መክፈት አንችልም። እነዚያን ወንበሮች በዚያ ዋጋ የሚገዛን የለም። ስለዚህ እየሰራን ነው። ሊገቡበት ያሰቡ ቤተሰቦች ቢጠይቁን የምንላቸው ይህ ነው፤ መቶኛው ከሽያጭ ነው ከትርፍ? ቡናውን ስንት ትሸጡልናላችሁ? በጾም ወራት ሰዓቱ ምን ይሆናል? ብንለቅስ? እያላችሁ ሃያ ስምንቱንም ገጽ ቁጥር ከሚያውቅ ሰውና ከሕግ አዋቂ ጋር አንብቡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀዝቃዛውን ወር አስቡና በዚያ ወር ሽያጭ አስሉት። እኛ ያሰላነው በሞቀው ወር ነበር።

እህታችን ገና ጅዳ ናት። ያለፈው ወር ሒሳብ ትናንት በፎቶ ተልኮላታል። ዛሬ ፈጅር ላይ "ለሶፍት 4,300 ብር የወጣው ለምንድን ነው? አምና በዚሁ ወር 2,900 ነበር" ብላ ጽፋለች። ደረሰኞቹን እያገላበጥን ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።