ድስት ይዞ ወደ ላንጋኖ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆቃ፣ በመቂና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ በኩል የሚወርደው መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ላንጋኖ ሐይቅ ያደርሳል። ውኃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ሕፃናት መልኩን አይተው ለጊዜው ቢያመነቱም፣ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ የሚያወጣቸው አይገኝም። በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች ይታያሉ፤ በምዕራብ ከአውራ ጎዳናው ማዶ የአብያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል። ስለ ሥፍራው ውበት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምናነሣው የድስቱን ነገር ነው።

በዳርቻው ያሉት መዝናኛዎች ምግብ ቤት አላቸው። ይሁን እንጂ ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በቀን ሦስት ጊዜ ከዚያ ይመገብ ቢባል፣ የወሩ ደመወዝ ከእሑድ እስከ ረቡዕ መድረሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ድንኳን ተክለን ወይም አንዲት ክፍል ተከራይተን ራሳችን እናበስላለን።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወታደር ፈቃድ በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቿ ጋር ብቻዋን የከረመች ባለቤት፣ ያችን አጭር ሳምንት ጢስ ስትታጠን ትሰነብታለች። ባለፈው የገና ሰሞን ሦስት ቤተሰብ ሆነን በወረድን ጊዜ፣ ከጎናችን የሰፈሩ አንዲት እናት ሽንኩርት ሲከትፉ ውለው ለራት ዶሮ ወጥ አቀረቡ። ወጡ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። እሳቸው ግን በሦስት ቀን ውስጥ እግራቸውን ውኃ አላስነኩም።

ውድ አንባቢያን፣ መላው ከእኛው ዘንድ አለ፤ ስሙም ስንቅ ይባላል። ለዘማች ተብለው የተዘጋጁት በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ሳይበላሹ የሚቆዩ፣ እሳትም እምብዛም የማይጠይቁ ናቸው። በሶ በውኃና በስኳር ከተበጠበጠ፣ ጭኮም በቢላዋ ከተቆረሰ የልጆች ቁርስ አለቀ፤ ምድጃ የሚለኮሰው ለሻይ ብቻ ነው። ሻዩንም በአንድ ጊዜ አፍልቶ በፔርሙዝ ማኖር ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቁሌቱን በቤት ጨርሶ መሄድ ነው። ሽንኩርቱ በዘይትና በበርበሬ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ከተቁላላ በኋላ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ ሲጨለፍም በደረቅ ማንኪያ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ቋንጣ ይጨመርበታል፤ በማግሥቱ የተቀቀለ እንቁላል። የሚጾም ሰው ካለ ከዚያው ቁሌት ሽሮ ይሠራለታል፤ ለዚህም ሲባል ቅቤውን ለብቻው መያዝ ይበጃል። ሁሉንም ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ማድረስ ይቻላል።

ቆላው የራሱ ጠባይ አለው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባለ ሥፍራ ውኃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ምስርና ድንች ላንጋኖ ላይ ከአዲስ አበባ ፈጥነው ይበስላሉ። እንጀራው ግን በተቃራኒው ነው፤ በደጋ ሦስት አራት ቀን የሚቆየው በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ የሁለት ቀን እንጀራ ይበቃል፤ ለቀረው ድርቆሽ ይያዛል።

ሽንኩርትና ቲማቲም ከቤት መሸከም ከንቱ ድካም ነው፤ መቂ ላይ ከመንገድ ዳር ይገኛሉ። ዓሣም ከባቱ ይገዛል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ጨውና ሎሚ ነክቶት በጋለ ዘይት ቢጠበስ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በተገዛበት ቀን ይበላ፤ ለሕፃናትም እሾሁ ተለቅሞ ይሰጥ። የሐይቁ ውኃ ለዋና እንጂ ለመጠጥ አይሆንምና፣ የሚጠጣው በጄሪካን ይያዝ። ከሰል ግን አንገዛም፤ በዚያ አካባቢ ያለው የግራር ደን በከሰል አክሳዮች ምን ያህል እንደተመናመነ በዓይናችን አይተናል። አንዲት የቡታጋዝ ምድጃ ትበቃለች፤ ነፋስ ሲነሣ በድንጋይ መከለል ነው። ጦጣና ዝንጀሮም ስላሉ፣ አገልግሉ ተከፍቶ አይተው።

ማን ያብስል የሚለውም መወሰን ያለበት ከመነሣት በፊት ነው። ወታደር ወጥ መሥራት አያውቅም የሚል ሰው የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በምሽግ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ ሽሮ ያንተከተከ ሁሉ፣ ቁሌቱ ተዘጋጅቶ ከቀረበለት ምን ይሳነዋል? እኛ ዘንድ ቁርሱ የአባቶች፣ ምሳው የእናቶች፣ ዕቃ ማጠቡ የትልልቆቹ ልጆች ሆነ። ራቱን በየተራ ሠራን። የአንደኛው ወንድማችን ሽሮ እንደ ሾርባ ቀጥኖ በማንኪያ ተጠጣ፤ ባለቤቱ ያን ምሽት የሳቀችውን ያህል ስትስቅ አይተናት አናውቅም። ጧት ጧት እናቶች ከልጆቹ ጋር ውኃ ውስጥ ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን የተረፈ እንጀራ ካለ ሳይሻግት ተቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይሰጣ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ነጠላ ይሸፈን። የላንጋኖ ፀሐይ ብርቱ ናት። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ድርቆሽ ሆኖ በከረጢት ይታሰራል፤ ፈቃዱ ያለቀው አባትም ወደ ክፍሉ ሲመለስ ይዞት ይሄዳል።