መካነ ሰላም፦ ድንኳን፣ ዓሣ እና አዲስ መጥበሻ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከከተማ ለመውጣት ስታስቡ ቀድመው የሚታወሷችሁ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይሆናሉ። እኛም እንዲሁ ነበርን። ባለፈው ጥር ግን የባለቤቴን የትውልድ አገር፣ መካነ ሰላምን መረጥን። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ያለ ዝርዝር አልንቀሳቀስም፤ ድንኳኑ፣ መንጠቆው፣ ጋቢው፣ የልጆቹ መድኃኒት ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ከደሴ ገበያ አዲስ መጥበሻ ገዝቶ ሲመጣ «ሁለት መጥበሻ ይዘናል እኮ!» አልኩት። «ይጠቅማል» ብሎ ከመኪናው ኋላ ወሸቀው።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆች ከያዛችሁ ደሴ እደሩ። በማግስቱ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ ወደ ጉጉፍቱ ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትሆናላችሁ። የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ ባና የደረቡ እረኞች ታያላችሁ፤ ነፋሱ የመኪናውን መስኮት ያዘጋችኋል። አቀስታን አልፋችሁ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ትደርሳላችሁ። ስሙ ከደቡቡ ቦረና ጋር አያምታታችሁ፤ ይህ የወሎው ቦረና ነው።

የባለቤቴ አጎት ሙስሊም ናቸው፤ ባለቤቴ ደግሞ ክርስቲያን ሆኖ ያደገ ነው። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱን ማግኘት ብርቅ አይደለም። በመጀመሪያው ምሽት አጎታችን ለእኛ ብለው ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው ዶሮ አሳርደው፣ ወጡንም በጎረቤት ድስት አሠርተው ጠበቁን። እሳቸውና ባለቤታቸው ግን ከጎን ባለው ትሪ ሽሯቸውን በሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ድምጿን ሳትቀንስ «አባባ ለምን ከእኛ ጋር አይበሉም?» አለች። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ሳቅ ብለው «ብዪ ልጄ፣ ብዪ» አሏት። ማታ ስታስተኛኝ ልጆች የሚጠይቁትን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ «አልወደዱንም?» የሚለውን ጨምሮ። የአራዳ እርድ የተለየ መሆኑን፣ ዶሮው የታረደልን ስለሚያከብሩን መሆኑን ነገርኳት። አልተዋጠላትም።

ሁለተኛውን ሌሊት ያደርነው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው። የአካባቢው ሰው እስካሁን «ደንቆሮ ጫካ» ይለዋል። ከፍ ሲል አስታና ጅብራ፣ ዝቅ ሲል ጽድና ኮሶ የበቀለበት ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ በመላ አገሪቱ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፤ እኛም አላየነውም። ጭላዳዎቹ ግን እንደ በግ ሣር ሲነጩ ልጆቹ ቁርሳቸውን ረሱ። ፓርኩን ለመጎብኘት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ የአካባቢ አስጎብኚም ያዙ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢያችን ባይበቃ ኖሮ የአጎታችን ባና ነው ያዳነን።

ቅዳሜ ጠዋት ከአጎታችንና ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ አባይ ሸለቆ ወረድን። አባይ ቦረናን ከጎጃም የሚለየው ወንዝ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ ጠዋት ሹራብ የለበሱት ልጆች እኩለ ቀን ላይ በካናቴራ ነበሩ። አጎታችን ዋናውን አባይ አላስጠጉንም፤ አዞ አለበት። መንጠቆ የጣልነው ከገባር ወንዞቹ በአንዱ፣ ውሃው ከሥር ጥርት ብሎ ከሚታይበት ሰፊ ድንጋይ ላይ ነው። ድንኳኑንም ዳር ላይ መትከል ፈልጌ ነበር፤ «ደጋ ላይ ከዘነበ ወንዙ እዚህ ፀሐይ እያለም ይሞላል» ብለው ከፍ ካለው እርከን ላይ አስተከሉን።

ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ባለማጠንጠኛ ዘንግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልያዘም። የአጎታችን የልጅ ልጅ በሸንበቆ ላይ ባሰረው ክርና በፌንጣ ሦስት አወጣ። ትንሹ ልጄ ትዕግሥቱ ሲያልቅ እጁን የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲከት አጎታችን ጎትተው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!» አሉት፤ ተረቱ ለአንድ ጊዜ ቃል በቃል ሲሠራ ሰማሁ። ማምሻውን አምስት ዓሣ ነበረን፤ በጣና በኩል ነጭ ዓሣ ከሚሉት ዓይነት፣ አፉ ዳር ጢም ያለው።

ልጄ ዓሦቹን አየችና «ማን ነው የሚያርዳቸው?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። አጎታችን «ዓሣ አይታረድም ልጄ» አሏት። «ከውሃ ሲወጣ አለቀ። ለእናንተም ይሆናል፣ ለእኛም ይሆናል።»

ባለቤቴ አዲሱን መጥበሻ ከነመጠቅለያው ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእኛዎቹ መጥበሻዎች የክርስቲያን ሥጋ ስንት ጊዜ ተጠብሶባቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅርፊቱን ፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡና በንጹህ ውሃ እጠቡ። ነጭ ዓሣ ጥቃቅን እሾህ ስለሚበዛበት ጎንና ጎኑን በስለት ቀረብ ቀረብ አድርጋችሁ ብጡት፤ ዘይቱ ሲገባበት እሾሁ ይደርቃል። ጨውና ሎሚ አሹት፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ በጋለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ። ከጎኑ አዋዜና ቃሪያ ይበቃል። ለልጆች ግን እሾሁን በእጃችሁ ለቅማችሁ ስጡ።

ባለቤቴ አማተበ፣ አጎታችን «ቢስሚላህ» አሉ፣ ሰባታችንም ከአንድ ትሪ በላን፤ ሰባተኛዋ ምሳ ይዘው የወረዱት የአጎታችን ባለቤት ናቸው። ልጄ አጎታችን ጎን ተቀምጣ ስትጎርስም ስታጎርስም አመሸች። ስለ ትሪው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

እናንተም ከሄዳችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ከክረምት ይልቅ በጋውን ምረጡ። የደጋና የቆላ ልብስ ለየብቻ ያዙ። ያለ አገሬው ሰው ወንዝ አትውረዱ፣ ልጆችን ውሃ ውስጥ አታስገቡ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጨምር ካያችሁ አትተባበሩ፤ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም ይፈጃል። የሚበቃችሁን ብቻ አውጡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

እሑድ ስንለያይ መጥበሻውን ወደ መኪናው ልጭን ስል ልጄ ከእጄ ቀማችኝ። ሮጣ ለአጎታችን ባለቤት ሰጠቻቸውና «ስንመጣ የምንበላበት ነው፣ ሌላ እንዳይጠበስበት» አለቻቸው። ጓዳ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በየበዓሉ ስንደውል መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ስለ እሱ ነው።