ከዓባይ ማዶ ያየነው ወንበር

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ተነሥተን የዓባይን በረሃ ተሻገርን፤ ደጀንንም አልፈን ሉማሜ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለመኪና የሚመች አልነበረምና፥ ለአጨዳ በደረሰው ጤፍ መካከል ሁለት ሰዓት ያኽል በእግር ተጓዝን።

ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ ስንገባ ሸንጎው ከግራር ሥር ተቀምጦ ነበር። እኛም እንደ ልማዳችን ከወንዶቹ ሸበቶውን መርጠን፥ «ሊቀ መንበሩ እርስዎ ነዎት?» ስንል ጠየቅን። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ነጠላ ወዳጣፉት ሴት አመለከቱንና፥ «ሊቀ መንበራችን እርሳቸው ናቸው» አሉን። ነቢዪት ዲቦራ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ በእስራኤል ላይ ትፈርድ እንደ ነበር ለተማሪዎች ብዙ ዘመን አስተምረናል፤ በዓይናችን ፊት ከዛፍ ሥር የተቀመጡትን ግን አላወቅናቸውም፤ በዚህም አፈርን።

የዕለቱ ጉዳይ የአንዲት መበለት መሬት ነበር። በሬ ስለሌላት ለባሏ ወንድም በእኩል ሰጥታው ሦስት ዓመት አረሰ፤ በአራተኛው «የወንድሜ ርስት ነው» ብሎ እህሉን ከለከላት። ሊቀ መንበሯ ሁለቱንም በትዕግሥት ሰምተው፥ «ደብተሩ ይምጣ» አሉ። በአማራ ክልል የባልና የሚስት መሬት በሁለቱም ስም፥ ፎቶግራፋቸውም ተለጥፎበት ይመዘገባልና፥ የመበለቲቱ ፊት ከሟች ባሏ ፊት ጎን ታየ። «አያ፥ ድካሙ የእርስዎ ነው፤ መሬቱ ግን የእርሷ ነው፤ በፍርድ ቤት ከምትካሰሱ ታረቁ» አሉት። ሽማግሌዎቹም አገዟቸው፤ እህሉን እኩል ሊካፈሉ፥ መሬቱም በእርሷ እጅ ሊጸና ተስማሙ።

ሴቶች በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ደንግጓል። ከዚያ እጅግ አስቀድሞም የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ቢጠይቁ፥ እግዚአብሔር ጥያቄያቸውን ተቀብሎላቸዋል።

ሸንጎው ሲበተን ወንዶቹ ከጥላው ሥር ጨዋታ ጀመሩ፤ ሊቀ መንበሯ ግን ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ምንጭ ወረዱ። ምሽት ሳይገባ ውሃ መቅዳት፥ እራትም ማድረስ ነበረባቸው።

ውድ አንባቢዎቻችን፥ ወንበሩን ሕግ ይሰጣል፤ በወንበሩ ተቀምጦ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን የሚገኘው ከቤት ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥብ ዘንድ በገዛ እጁ ውሃ ጨምሯልና፥ ለሚስቱ ውሃ የሚቀዳ ባል ክብሩ አይጎድልበትም።