ያረጀ ቀለም ከሰሌዳ ሲነሳ

በሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ አካባቢ የምናስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ያብለጨልጭ ነበር። በዘይት ቀለም ላይ ዘይት ቀለም፣ በዚያም ላይ ቫርኒሽ ተደራርቦበታል። ፀሐይ በመስኮት ሲገባ እንደ መስታወት ይሆናል። ጠመኔውም ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም።

ፊደላችን ደግሞ በትንሽ ጭረት የሚለይ ነው። «ቡ» ጭረቷ ከወገቧ፣ «ቢ» ግን ከእግሯ ነው። ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ እኔስ ትምህርቱ ይቅርብኝ» አሉን። ወደ ፊት መጥተው ሰሌዳውን ከጎን ሲያዩት ሁሉንም ለዩ። እንግዲህ ሰሌዳውን ማደስ ግድ ሆነ።

«አንድ ጊዜ ጥቁር ቀቡትና ይብቃ» ያሉን ነበሩ። አይሆንም። በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም ስለማይዝ ይላላጣል። የጀልባን ሆድ የሚቀቡ ሰዎችም የቆየውን ሰምና ማንጸባረቂያ ሳያነሱ አዲስ ቀለም አያስነኩትም። እኛ ዘንድ ጀልባ ባይኖርም ነገሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ሰሌዳውን በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጠብን። ከዚያም ከወልድያ ባመጣነው ውሃ በማይጎዳው ብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። በወረቀቱ ጀርባ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ልስልስ ነው። 80 ይልጣል፤ 220 ያለሰልሳል። ቁጥር የለየ ሰው ሱቅ ገብቶ ራሱ መርጦ ይገዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል! ያረጀ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። መጻፊያውን ማለታችን አይደለም፤ የመጻፊያው ውስጥ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። ይኸኛው እርሳስ ከባድ ብረት ነው። አቧራው ወደ ሰውነት ከገባ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም። ስለዚህ ደረቁን አትፈትጉ፤ እያረጠባችሁ ፈትጉ። እሳትም አታስነኩት። አፍና አፍንጫችሁን በጭንብል ሸፍኑ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ። የወጣውን ጭቃ ጠርጋችሁ ሰብስቡ፤ ወደ ጓሮና ወደ ምንጭ እንዳይሄድ።

ሰሌዳው ማብለጭለጩን ሲተው በቃ ማለት ነው፤ እስከ እንጨቱ መላጥ አያሻም። ከደረቀ በኋላ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት። የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ በጥቁሩ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ እኛ ግን አንመክርም፣ ውስጡ ያለው ነገር እጅና ዓይን ያቃጥላል እኮ።

ቀለሙ ሲደርቅ ወዲያው አትጻፉበት። ጠመኔ አጋድማችሁ መላውን ሰሌዳ አሻሹና በጨርቅ ጥረጉት። ያለዚያ መጀመሪያ የተጻፈው ፊደል ቢጠርጉትም ጥላው አይጠፋም።